«ጡረታውን ተይለት፣ የቤቱን ግማሽ ውሰጂ» ይሉኛል

ደብዳቤው ከደሴ፣ ከቧንቧ ውሃ ሰፈር የመጣ ነው። ስሟ እንዳይጻፍ ስለጠየቀች አልጻፍነውም።

«እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ። ባለቤቴ ወታደር ነበር። በ1991 ዓ.ም. ሠራዊቱን ተቀላቀለ፣ በ1998 ተጋባን፣ በ2016 በሻምበልነት ጡረታ ወጣ። ሦስት ልጆች አሉን። ትልቁ 17 ዓመቱ ነው፣ ትንሿ 9። እሱ አንዴ ዛላምበሳ፣ አንዴ ባድመ ሲል፣ ኋላም ሁለት ጊዜ ለሰላም ማስከበር አብዬ ሚሽን ሲሄድ፣ ልጆቹን ያሳደግሁት እኔ ነኝ። ሰኞ ገበያ በርበሬና ቅመም እሸጣለሁ። ሚሽን ሳለ ቤቱን ያኖርሁት በበርበሬዬ ነው፤ የእሱን ብር አልነካነውም። ቤታችንን በ2005 ሠራን። አራት ክፍል ነው፣ ሁለቱን አከራይተናል።

ጡረታ ሲወጣ ብር እጁ ገባ። ከሚሽን ያጠራቀመው፣ ሲሰናበት የተከፈለው፣ የሰባት ወር ውዝፍ ጡረታም ተደምሮ 560,000 ብር ገደማ ነው። እግሩን ስለቆሰለም የተሰጠው አለ፤ ስንት እንደሆነ አልነገረኝም። ከዚያ ወዲህ ጠባዩ ተለወጠ። ከሁለት ወር በፊት ፍቺ ጠይቆ ፍርድ ቤት ፋይል ከፈተ። ብሩን ወደ ወንድሙ ሂሳብ አዛውሮ ኮምቦልቻ ሚኒባስ ገዝተዋል፤ ሊብሬው በወንድሙ ስም ነው። ስጠይቀው ‹ጡረታው የደሜ ዋጋ ነው፤ አንቺ ጠመንጃ ይዘሽ ታውቂያለሽ?› ይለኛል። ሽማግሌዎች ደግሞ ‹ጡረታውንም ብሩንም ተይለት፣ በምትኩ የቤቱን ግማሽ ውሰጂ› ይሉኛል። እሱ ካልሆነ ሸሪዓ ፍርድ ቤት እንሂድ ይላል። የኒካህ ወረቀታችን በ2014 ስንፈናቀል ጠፍቶብኛል። ቅዳሜ ሽማግሌዎቹ መልስ ይጠብቃሉ። ምን ልበላቸው?»

እህቴ፣ ቅዳሜ ቅርብ ስለሆነ ከሽማግሌዎቹ ልጀምር።

ያቀረቡልሽን ነገር ቀስ ብለሽ እይው። ጡረታውንና ብሩን ተይ፣ «በምትኩ» የቤቱን ግማሽ ውሰጂ። በምን ምትክ? የተጋባችሁት በ1998 ነው፣ ቤቱ የተሠራው በ2005። በትዳር ውስጥ የተሠራ ቤት ነው። ግማሹ ማንም ሳይቸርሽ ያንቺ ነው። ካርታው በእሱ ስም ብቻ ቢሆን እንኳ ይህ አይለወጥም። ስለዚህ የራስሽን ሀብት መልሰው ለራስሽ እየሰጡሽ፣ ሌላውን ሁሉ እያስተዉሽ ነው። ክፉ ሰዎች ናቸው አልልም። ሽማግሌ ነገር ቶሎ ቢበርድለት ይወዳል፤ የሚያለሳልሰው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ዝም የሚለውን ወገን ነው። አንቺ ዝም ስላልሽ ወደ አንቺ መጡ።

ደሴ ያለችው አማራ ክልል ስለሆነ እናንተን የሚገዛው የክልሉ የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 79/1995 ነው። አዲስ አበባ ያለ ዘመድ 213/1992 ካለሽ የሚያወራው ስለ ፌዴራሉ ነው። ለአንቺ ጉዳይ በሚያስፈልገው ነገር ሁለቱ አይጣሉም። ባልና ሚስት በትዳር ዘመናቸው በጥረታቸው ያፈሩት ገቢ የጋራ ነው። «ይህ የግሌ ነው» የሚል ወገን ማስረዳት ያለበት ራሱ ነው። ሲለያዩ የጋራው እኩል ይከፈላል። ከሁሉም በላይ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34 ላይ ሴትና ወንድ ሲጋቡም፣ በትዳር ሳሉም፣ ሲፋቱም እኩል መብት እንዳላቸው ይናገራል።

አንድ የማይጥምሽ ነገር ልንገርሽ። ይህ ሕግ ለሁለታችሁም ነው የሚሠራው። ሰኞ ገበያ ያለው የበርበሬ ዕቃሽ፣ በስምሽ ያለው ቁጠባ፣ የደረሰሽ እቁብ፣ ሁሉም የጋራ ነው። የእሱ ጠበቃ መጠየቁ አይቀርም። ደብቀሽ ከተያዝሽ ዳኛው ሌላውን ቃልሽንም ይጠራጠረዋል፤ ስለዚህ አንቺው ቀድመሽ ቁጠሪው።

አሁን ወደ «የደሜ ዋጋ» ልምጣ። አነጋገሩ ልብ ይነካል፣ እውነትም አለበት። ምሽግ ውስጥ ያደረው እሱ ነው። ግን ጡረታ እንዴት እንደሚገኝ እንይ። ወታደር በሠራ ቁጥር በየወሩ ከደመወዙ 7 በመቶ ለጡረታ ይቆረጣል። መንግሥት በበኩሉ ለመከላከያና ለፖሊስ አባል 25 በመቶ ይጨምራል፤ ለሲቪል ሠራተኛ ግን 11 ነው። ልዩነቱ የመጣው ወታደር ቶሎ ስለሚወጣና ሥራው ከባድ ስለሆነ ነው። ያ 7 በመቶ የተቆረጠው ከየት ነው? ከደመወዝ። ደመወዙ የማን ነበር? ከ1998 ወዲህ የሁለታችሁ። እሱ አብዬ ሳለ አንቺ በርበሬ ስትቀነጥሺ፣ እጅሽ እያቃጠለሽ ሕፃን መንካት እየፈራሽ፣ ማታ ሸጠሽ ያመጣሽው ብር ነው ጤፉንና የትምህርት ቤቱን ወጪ የቻለው። የእሱ ብር ባንክ ተኝቶ የከረመው ለዚህ ነው። ጠመንጃ አልያዝሽም። ጠመንጃ የያዘው ሰው ግን ኋላዬን እያለ ሳይጨነቅ የዘመተው አንቺ ስላለሽ ነው። ይህን ሽማግሌዎቹ ፊት ሳትጮኺ ንገሪያቸው፤ ወሎ ውስጥ የማይገባው ሽማግሌ የለም።

ቁስሉን በተመለከተ ግን ከእሱ ጋር ነኝ። የጡረታ ሕጉ በሥራ ላይ ለደረሰ የአካል ጉዳት ለብቻው የሚከፍለው አለ፤ የጉዳት ጡረታ ወይም፣ በአንድ ጊዜ የሚሰጥ ከሆነ፣ የጉዳት ዳረጎት ይባላል። እግሩ በሕይወቱ ሙሉ አብሮት ይኖራል። ጠበቃ «ይህም የጋራ ነው ብለን እንከራከር» ቢልሽ መከራከር ይቻል ይሆናል፤ እኔ ብሆን አልነካበትም። ስንት እንደሆነ በወረቀት ያሳይ፣ ከዚያ ከሂሳቡ አውጡት። ይህን ቀድመሽ ብትይው ቅዳሜ ዕለት ክፍሉ ውስጥ ያለው አየር ይለወጣል።

የቀረውን ብር ለየብቻ እንየው፤ አንቺም እሱም ሽማግሌዎቹም ሁሉን አንድ ላይ «ጡረታ» እያላችሁ ነው ነገሩ የተወሳሰበው።

መጀመሪያ እጁ የገባው 560,000 ብር አለ። ይህ በጣም ግልጽ ነው፣ በጣም አጣዳፊም ነው። የሚሽኑ አበል የተገኘው በትዳር ውስጥ ነው። ሲሰናበት የተከፈለው የገባው በትዳር ውስጥ ነው። የሰባት ወሩ ውዝፍም እንደዚያው፤ ፋይሉ እስኪጠናቀቅ የዘገየ ወርኃዊ ጡረታ ነው እንጂ ሌላ አይደለም። ፍቺ ገና አልተወሰነም። እስካሁን ሚስቱ ነሽ። ከጋብቻ በፊት በነበሩት ሰባት ዓመታት ያጠራቀመው ነገር በውስጡ አለ ካለ፣ ያኔ የነበረውን የባንክ ደብተር ያምጣ። ካላመጣ የጋራ ነው። የቁስሉ ካሳ እዚህ ውስጥ ተቀላቅሎ ከሆነ እሱ ይቀነስ፤ የቀረው ግማሽ ያንቺ ነው።

ችግሩ ብሩ አሁን ብር አይደለም። ሚኒባስ ሆኖ የሐረጎን መንገድ ሲወርድና ሲወጣ ይውላል። ሊብሬው የወንድምየው ነው። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሴቶች የሚሸነፉት። «በስሙ የለም፣ ምን አደርጋለሁ?» ብለው ይተዉታል። አንቺ አትተይ። ሊብሬው የማን ስም እንደተጻፈበት ያሳያል፤ ብሩ ከየት እንደመጣ አያሳይም። ብሩ ከየት እንደመጣ የሚያሳየው ባንኩ ነው። ከባልሽ ሂሳብ ወደ ወንድሙ ሂሳብ ስንት፣ በየትኛው ቀን እንደተላለፈ ስቴትመንቱ ላይ አለ። ባንኩ ሄደሽ ብትጠይቂ አይሰጥሽም፤ ሂሳቡ የእሱ ነው። ፍርድ ቤት ሲያዝ ግን ባንክ ይሰጣል። ስለዚህ ጠበቃሽ፣ ወይም ማመልከቻሽን የሚጽፍልሽ ሰው፣ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ይጠይቅ። አንደኛው ስቴትመንቱ እንዲቀርብ ነው። ሁለተኛው ሚኒባሱ እንዳይሸጥ፣ እንዳይለወጥ፣ በባንክ እንዳይያዝ እግድ እንዲሰጥ ነው። እግዱ ሊብሬውን ለሚያስተዳድረው የትራንስፖርት ቢሮ መድረስ አለበት። ትዕዛዙ ፋይል ውስጥ ተኝቶ ከቀረ መኪናው ይሸጣል። ጸሐፊዋ ደብዳቤውን ስታወጣ ቁጥሩን መዝግበሽ፣ ቢሮው መቀበሉን አረጋግጪ። ወንድምየውም ወደ ክርክሩ እንዲገባ ማመልከት ያስፈልጋል፤ በሌለበት በንብረቱ ላይ ቢወሰን ኋላ መጥቶ ይቃወማል።

ወንድምየው «አበድሮኝ ነው» ሊል ይችላል። ይበል! ብድር ከሆነ የቤተሰቡ ብር ነው የተበደረው፤ ግማሹን ለአንቺ ይመልሳል። «ሰጥቶኝ ነው» ካለ ደግሞ ይባስበታል። የጋራ ብርን አንዱ ብቻውን እንደፈለገ አይሰጥም። የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ ከ100 ብር በላይ ስጦታ ለመስጠት፣ ከ500 ብር በላይ ለማበደር የሁለቱንም ስምምነት ይጠይቃል። መጠኑ ዛሬ የቡና ዋጋ ሆኗል፣ ሕጉ ሲወጣ ግን ብር ብር ነበር። ያለ ስምምነት የተደረገውን ሌላኛው ወገን ለማፍረስ ካወቀበት ቀን አንስቶ ስድስት ወር አለው፤ ባያውቅ እንኳ ከሁለት ዓመት አያልፍም። የአንቺን ፋይል የሚይዝልሽ ሰው የክልሉን አንቀጽ አውጥቶ ቀኑን ይቁጠርልሽ። መኪናው እንደተገዛ ካወቅሽ ስንት ወር ሆነ? ደብዳቤሽ ላይ የለም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆን፣ ከዚህ ሁሉ ምክር አንዱን ብቻ የምትሠሪ ከሆነ ይህችን ሥሪ።

ወርኃዊ ጡረታው ደግሞ ሌላ ነገር ነው።

እንዴት እንደሚሰላ ልንገርሽ፤ ሲወራ ስለምትሰሚው መጠን የራስሽ ሂሳብ ይኑርሽ። አሥር ዓመት ያገለገለ ሰው ከመውጣቱ በፊት በነበሩት ሦስት ዓመታት ያገኘው አማካይ ደመወዝ 30 በመቶ ይታሰብለታል። ከአሥር በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት ወታደርና ፖሊስ 1.65 በመቶ ይጨመርላቸዋል፤ ሲቪል 1.25። ጣሪያው 70 በመቶ ነው። ባልሽ ከ1991 እስከ 2016፣ 25 ዓመት አገልግሏል። 30 እና 15 ጊዜ 1.65፤ 54.75 በመቶ ይሆናል። ደመወዙን አልጻፍሽልኝም። ለምሳሌ አማካዩ 10,000 ብር ቢሆን ጡረታው 5,475 ብር ነው።

ከ25ቱ ዓመት 18ቱ ከአንቺ ጋር ነው። ከመቶ 72 እጁ ማለት ነው፤ 3,942 ብር። ግማሹ 1,971 ብር በወር። ይህ ቀመር በአዋጅ ተጽፎ የተቀመጠ አይደለም። በትዳር ዘመን የተጠራቀመውን ከዚያ በፊት ከነበረው ለመለየት የሚጠቅም፣ ለድርድር መነሻ የሚሆን ሂሳብ ነው። የራሳችሁን ቁጥር አስገቢበት።

ግን ስሚኝ፤ ይህን 1,971 ብር በየወሩ ይሰጠኝ ብለሽ አትሟገቺ። መብት የለሽም ብዬ አይደለም። ጡረታ የሚከፍለው መሥሪያ ቤት፣ ማኅበራዊ ዋስትና፣ ጡረታውን ለሁለት ከፍሎ በሁለት ሂሳብ አይልክም። የጡረታ መብት አይሸጥም፣ ለሌላ አይተላለፍም። በፍርድ ቤት ትዕዛዝ ሊቆረጥ የሚችለው ለመንግሥት ዕዳ፣ ለግብር፣ ለቅጣትና ለቀለብ ነው፤ ያም ከጡረታው ሲሶ አይበልጥም። በምሳሌያችን 1,825 ብር። እሱን ደግሞ ለልጆቹ ትፈልጊዋለሽ። ስለዚህ ጡረታውን በየወሩ እንካፈል ብላችሁ ብትስማሙ፣ በየወሩ መጀመሪያ የእሱን እጅ ስታዪ ልትኖሪ ነው። ዛሬ አመመኝ፣ ነገ ተሰረቅሁ፣ ከነገ ወዲያ ሌላ ሚስት አገባሁ። ከሰው ተለያይቶ በየወሩ እሱን መለመን ፍቺ አይባልም።

ብልሃቱ የጡረታ ጥያቄሽን ይዘሽ ገብተሽ፣ እጅ በሚገባ ነገር መለወጥ ነው። ሽማግሌዎቹ «ተይለት» ሲሉሽ «እተዋለሁ፤ ግን ዋጋ አለው» በይ። ዋጋው ስንት ነው? 1,971 ብር በዓመት 23,652 ነው። አሥር ዓመት ብቻ ብንቆጥር 236,520 ብር። ባልሽ ገና ጎልማሳ ነው፣ ከአሥር ዓመት በላይ ይበላዋል ኢንሻአላህ። የኑሮ ውድነቱም ያንን ብር ይሸረሽረዋል። አንዱ አንዱን ያቻችለዋል ብለን አሥር ዓመትን እንያዝ።

አሁን ቤቱን ጨምሪበት። ፍርድ ቤት በባለሙያ ያስገምተዋል፤ ለምሳሌ 1,800,000 ብር ተባለ እንበል። ግማሽ ግማሻችሁ 900,000 ነው። አንቺ ከእሱ የምትፈልጊው የ560,000 ግማሽ 280,000፣ ጡረታው 236,520፤ በድምሩ 516,520 ብር። እሱ ሚኒባሱንና ጡረታውን ይያዝ፣ አንቺ ቤቱን ሙሉውን ትያዢ ብትባባሉ 383,480 ብር ትመልሺለታለሽ። አየሽ፣ «ቤቱን በሙሉ ካልሰጣችሁኝ» ብትዪ ደግሞ አንቺ ትበድያለሽ። ግን ሁለት ክፍል አከራይተሻል። ኪራዩን እያጠራቀምሽ ልዩነቱን በጊዜ መክፈል ይቻላል፤ ወይም አንዱን ክፍል ለእሱ ለይቶ ማስቀረት ይቻላል። ወይም ግምቱ ከዚህ ያነሰ ይሆንና ልዩነቱ ይጠፋል። ዋናው ነገር ሽማግሌዎቹ ካቀረቡት ግማሽ ቤት የተሻለ ነገር እንዳለሽ በቁጥር ማወቅሽ ነው። እነሱ ባሉት ብትስማሚ 516,520 ብር ትተሽ ነው የምትወጪው። ይህን ቁጥር በወረቀት ጽፈሽ ያዢ።

ማንም የማያነሳልሽ ሌላም ብር አለ። ባል ሲሞት ሚስት የጡረታውን 50 በመቶ የተተኪ ጡረታ ታገኛለች። ለአካለ መጠን ላልደረሱ ልጆች ለእያንዳንዳቸው 20 በመቶ አለ። ፍቺው ሲጸድቅ የአንቺ ይጠፋል። የልጆቹ አይጠፋም፤ ልጅ አይፋታም። ነገ ሌላ ሴት ካገባ ሚስቱ እሷ ናት። ይህን የምነግርሽ «አትፋቺ» ልልሽ አይደለም። ከሁለት ዓመት በፊት ባልዋን በቁጣ ፈትታ፣ እሱ ሲሞት ማኅበራዊ ዋስትና በር ላይ ቆማ የምታለቅስ ሴት ማየት የተለመደ ነው። ከፍቺ በኋላ የሚጠፋ መብት ስለሆነ ዋጋው ዛሬ ድርድሩ ውስጥ ይግባ። ቤቱን ስትገማገሙ አንዱ ሽማግሌ «እሷ ይበዛላታል» ካለ «ከፈታችሁኝ በኋላ የተተኪ ጡረታዬ ይጠፋብኛል፤ እሱንም ደምሩት» በይ። ትክክለኛውን ቁጥር ማውጣት አይቻልም፣ ሚዛን ላይ ግን ይከብዳል።

ስለ ሸሪዓው ባጭሩ። የሸሪዓ ፍርድ ቤት ጉዳያችሁን የሚያየው ሁለታችሁም ስትፈቅዱ ነው። ሕገ መንግሥቱ ራሱ በአንቀጽ 34 ይህን ፈቃድ መሠረት አድርጎታል። አንቺ ካልፈቀድሽ መደበኛው ፍርድ ቤት ይቀጥላል፤ ይህ ደግሞ ሃይማኖትን መካድ አይደለም፣ ማንም እንዲህ ብሎ አያስፈራራሽ። እሺ ካልሽ ደግሞ እዚያ ምን እንደምታገኚ ቀድመሽ ጠይቀሽ ይሁን፤ ፈቅደሽ ገብተሽ መሃል ላይ ልመለስ ማለት አያዋጣም። አንድ ነገር ግን ልብ በይ። ፋይሉን መደበኛው ፍርድ ቤት የከፈተው እሱ ነው። አሁን ወደ ሌላ እንሂድ የሚለው ለምን ይሆን?

የጠፋው ወረቀት አያስጨንቅሽ። በ2014 ጥቅምት መጨረሻ ደሴን ጥሎ የወጣ ሰው ሁሉ ፌስታል ይዞ ነው የወጣው፤ ሰነድ የጠፋበት አንቺ ብቻ አይደለሽም። ደግሞ ፍቺ የጠየቀ ሰው ትዳር የለም ሊል አይችልም። ማመልከቻው ላይ «ባለቤቴ» ብሎ ጽፏል፤ የእሱ ወረቀት ለአንቺ ማስረጃ ነው። ኮፒ አውጪ። ከዚያ በላይ የጡረታ ፋይሉ ላይ የሚስትና የልጆች ስም ይሞላል። ፍርድ ቤት ማኅበራዊ ዋስትናን ፋይሉን እንዲልክ ሲያዝ የጋብቻውም ዘመን፣ የአገልግሎቱም ዘመን፣ የጡረታውም መጠን፣ ለእግሩ የተሰጠውም አብሮ ይወጣል። አንድ ትዕዛዝ አራት ጥያቄ ይመልስልሻል። ኒካሁን ያሰረላችሁ ሰው በሕይወት ካለ ስሙን ለጠበቃሽ ስጪ።

ጠበቃ መክፈል ካቃተሽ በደሃ ደንብ መክሰስ ይቻላል። ቀበሌ አቅም እንደሌለሽ ይጻፍልሽ፣ የዳኝነት ክፍያው ይቀርልሻል። ከወረቀቱ በፊት ግን የኪራዩን ገቢ አስቢበት፤ ቤት እያከራየሽ ደሃ ነኝ ብትዪ ይጠይቁሻል። ያለሽው የሕግ ትምህርት ቤት ባለበት ከተማ ነው። ወሎ ዩኒቨርሲቲ ሄደሽ ስለ ነፃ የሕግ ምክር ጠይቂ። የከተማው የሴቶች ጉዳይ ቢሮም ይጠየቅ። መጠየቅ አያሳፍርም። ፍርድ ቤት በር ላይ ማመልከቻ የሚጽፉት ሰዎች ፈጣን ናቸው፣ ግን ለሁሉ አንድ ዓይነት ነው የሚጽፉት። የአንቺ ጉዳይ የስቴትመንት፣ የእግድና የጡረታ ፋይል ጥያቄ አለበት፤ ሦስቱም መጻፋቸውን ሳታዪ አታስገቢ።

ከቤቱ አትውጪ። ተናደሽ ወደ እናትሽ ቤት ብትሄጂ ሕጉ መብትሽን አያጠፋውም፣ ግን ተከራዮቹ ኪራዩን ለማን እንደሚከፍሉ ከዚያ ቀን ጀምሮ ይለወጣል። ፍርድ ቤት ክርክሩ እስኪያልቅ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ቀለብና ስለ ንብረቱ አስተዳደር ጊዜያዊ ትዕዛዝ መስጠት ይችላል። ጠይቂ። ዱላ ወይም ማስፈራራት ካለ ይህ ሁሉ ቀርቶ መጀመሪያ ፖሊስ ነው።

የልጆቹን ቀለብ ከዚህ ሁሉ ለይው። እሱ የአንቺ ገንዘብ አይደለም፣ የልጆቹ ነው። «ቤቱን ይዘሽ ቀለብ አትጠይቂኝ» ሊልሽ ይችላል። ብዙ አባቶች ይሉታል፣ ብዙ እናቶችም ደክሟቸው እሺ ይላሉ። እሺ ብትዪ የዘጠኝ ዓመቷ ልጅ ያልፈረመችበትን ውል ፈረምሽላት ማለት ነው። ባልሽ ገና ሥራ መሥራት የሚችል ሰው ነው። ሚኒባሱም በእርግጥ የእሱ ከሆነ ገቢ አለው። ቀለቡ በጡረታው ሲሶ ብቻ አይወሰንም። ሲሶው ከጡረታው ላይ ለሚቆረጠው ነው። ሌላ ገቢ ካለው ከሌላው ይከፍላል።

ቅዳሜ ምን ትያቸው? ቡናውን አፍይላቸው፣ በአክብሮት ተቀበያቸው። ከዚያ እንዲህ በይ። «አባቶቼ፣ ግማሽ ቤቱ የእኔ ነው፤ እሱን አትስጡኝ። የቁስሉን ብር አልጠይቅም። ጡረታውንም በየወሩ አልጠይቅም። የምጠይቀው ሦስት ነገር ነው። ብሩ ስንት እንደነበረና የት እንደሄደ በወረቀት ይምጣ። ቤቱ ይገመት። ከዚያ የጡረታውን ዋጋ ከቤቱ ላይ አስቡልኝ።» ከዚያ ዝም በይ። አንዱ «ወረቀት ምን ያደርጋል፣ በሃይማኖታችን እንተማመን» ካለ «እንተማመን፣ ወረቀቱ ግን ይምጣ» በይው። ካልታዘልኩ አላምንም አለች ሙሽራ፤ አንቺም ሙሽራ ሁኚ።

እግዱን ግን የሽማግሌዎቹን መልስ ሳትጠብቂ ዛሬውኑ ጠይቂ። «ሽምግልና ላይ ሆነሽ እንዴት ትከሺያለሽ?» የሚል ይኖራል። ክስ አይደለም፣ ዕቃው ባለበት እንዲቆይ ማድረግ ነው በይ። እንዲያውም ሚኒባሱ ሲታገድ ሽምግልናው ይፈጥናል።

ከተስማማችሁ ስምምነቱ በጽሑፍ ሆኖ ለፍርድ ቤቱ ቀርቦ ይጽደቅ። በቃል የተባለ፣ ወይም ሽማግሌዎች ብቻ የፈረሙበት ወረቀት ነገ ባልሽ «አላልኩም» ሲል የሚያስከፍልልሽ ነገር የለም። ጽሑፉን ትልቁ ልጅሽ ወይም የምታምኚው ሰው ጮክ ብሎ ያንብብልሽ። ቤቱ በቁጥርና በካርታው መጠቀስ አለበት። ልዩነቱ ገንዘብ ካለ በስንት ጊዜ፣ በየትኛው ቀን እንደሚከፈል ይጻፍ። ሚኒባሱ በሰሌዳ ቁጥሩ ይጻፍ። የልጆቹ ቀለብ የሚለው መስመር ላይ ቁጥር ከሌለ፣ ሽማግሌዎቹ ቢለምኑሽም፣ አትፈርሚ።